ሉድቪካ ያላስቀመጠችው ሳህን

ሉድቪካ ራታይቻክ ለማያውቃት ሰው ጤነኛ አትመስልም ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ የድመት ጺም ይዛ ትዞራለች። ከገዛ ድመቷ የረገፈ፣ በአልኮል የታጠበ፣ በትንሽ ብልቃጥ የተከደነ ጺም። ጠዋት ጠዋት ወደ ምርምር ተቋማችን ምድር ቤት ስንወርድ ዘበኛው «ፓኒ ሉድቪካ፣ ዛሬም ድመቷን ላጭተዋት መጡ?» ይላታል። እሷም ደረጃው ላይ ሳትቆም «የድመቷ አልቋል፤ ከነገ ጀምሮ ያንተ ተራ ነው» ትለዋለች። ፓኒ በእኛ ቋንቋ ወይዘሮ ማለት ነው። ይህ ቀልድ ስንት ዓመት እንደቆየ አላውቅም። ሁለቱንም አልሰለቻቸውም፤ እኔን ግን አንገሽግሾኝ ነበር። ዛሬ ተመልሶ ብሰማው ደስ ይለኛል።

ጺሙ ለሥራ ነው። ኢንዛይም በጠብታ ውስጥ ተኝቶ ክሪስታል አልሆንም ብሎ ሲያስቸግር፣ ሉድቪካ ቀድሞ የበቀለ ክሪስታል በጺሙ ጫፍ ነካ ታደርግና አዲሱን ጠብታ ጫር ታደርገዋለች። ከጥቂት ቀን በኋላ በተጫረው መስመር ላይ እንደ ስኳር ፍንጣሪ የሚያበሩ ነገሮች ይደረደራሉ። በፖላንዷ ከተማችን በፖዝናን ይህን የሚሠራ ሌላም ሰው አለ፤ እንደ እሷ እጁ የረጋ ግን አላየሁም። እኔ ኮርኔሊያ እባላለሁ፤ ከእሷ ክፍል አጠገብ ኢንዛይሙን አጥርቼ የማቀብላት እኔ ነበርኩ። የእኔ ሙያ ጠብታው ላይ ያበቃል፤ የእሷ ከዚያ ይጀምራል።

ኢንዛይም ምን እንደሆነ በአጭሩ ልናገር፤ አለዚያ ቀሪው አይገባም። ኢንዛይም ጥቃቅን ፍሬዎች እንደ ዶቃ የተሰኩበት ረጅም ክር ነው። ክሩ በራሱ ላይ ተጠቅልሎ አንድ ቅርጽ ይይዛል፤ ቅርጹ ላይ አንዲት ጎድጓዳ ስፍራ ትኖራለች፤ እኛ ኪስ እንላታለን። ሥራው ሁሉ የሚሠራው በዚያች ኪስ ነው። የቀረው ገላ ኪሷን ደግፎ ለመያዝ የተፈጠረ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። እኛ የያዝነው ቤታ ጋላክቶሲዴዝ የሚባለውን የሰው ኢንዛይም ነበር። በእሱ ኪስ ውስጥ ሁለት አሲዶች ፊት ለፊት ተፋጠው ተቀምጠዋል። በአንጎል ሴል ውስጥ ያለው ቅባት ጫፉ ላይ ስኳር አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ስኳሩ በሁለቱ መካከል ሲገባ ግራና ቀኝ ይዘው ይቆርጡታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ካልተቆረጠ ግን ቅባቱ ይከማቻል፣ ሴሉ ያብጣል፣ መራመድ የተማረ ልጅ መራመድ ይረሳል።

የሉድቪካ የልጅ ልጅ ማልቪና መራመድ የረሳችው በአራት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ መውደቅ አበዛች። ከዚያ ቃላቷ አንድ በአንድ ጠፉ፤ በመጨረሻ አያቷን የምትጠራበት «ባብ» ብቻ ቀረ። ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም የነገሯቸው ቀን ሉድቪካ ዕድሜዋን የፈጀችበትን የእጽዋት ኢንዛይም ትታ ወደ እኛ ክፍል ወረደች። ኃላፊያችን ዶክተር ሴቬሪን በሩ ላይ ቆማ አገኛት።

«ወለል ጥረጊ ቢሉኝ እጠርጋለሁ፤ ብቻ ይህን ኢንዛይም ልንካው» አለችው።

«ፓኒ ሉድቪካ፣ መጥረጊያ ሞልቶናል፤ የሌለን የእርስዎ እጅ ነው» አላት።

ሴቬሪን ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ መልካም ሰውም ነው። ይህን የምለው ኋላ የሆነውን ሰምተው ክፉ ያደረጉት ሰዎች ስላሉ ነው። አፋቸውን ይዝጉ።

የማልቪና ጉድለት ያለው ኪሱ ላይ አልነበረም። ከኪሱ ርቆ ክሩ ላይ አንዲት ፍሬ ተቀይራለች። በዚህ የተነሳ ገላው አጉል ይታጠፋል፤ ሴሉም የተበላሸ ዕቃ ነው ብሎ ሥራ ቦታው ሳይደርስ ይጥለዋል። የሴቬሪን ተስፋ ኪሱ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ አንድ መድኃኒት ነበር፤ ገላውን ከውስጥ ደግፎ ያቃናዋል የተባለ። ለሌላ በሽታ ትልልቅ ሰዎች ወስደውት እንደማይገድል ታውቋል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ይገባል ወይ? ከማልቪና ቆዳ በተወሰደ ሴል ሲሞከር አንዴ አዎ፣ አንዴ አይደለም የሚል ውጤት መጣ። ክሪስታል በጨረር ሲታይ ኪሱ ውስጥ ያለውን ያሳያልና፣ እንግዲህ እሱ ይፍረደን ተባለ።

እኛ አገር የገና ዋዜማ ማዕድ ላይ ከቤተሰቡ ቁጥር በላይ አንድ ሳህን ይቀመጣል፤ ሳይጠራ ለሚመጣ እንግዳ ነው። ቤተ ሙከራችን አንድ ስም ከዚያ ተውሷል። መድኃኒት ከጠጡት ክሪስታሎች ጋር፣ ምንም ያልጠጣ አንድ ክሪስታል በዚያው ቀን፣ በዚያው ፈሳሽ ተነክሮ አብሮ ይቀዘቅዛል። እሱን ባዶው ሳህን እንለዋለን። እንግዳው መምጣቱ የሚታወቀው ከባዶው ሳህን ጋር ሲተያይ ነው። ይህን ሕግ ለአዲስ ተማሪ የምታስተምረው ሉድቪካ ራሷ ነበረች። የረሳውን ተማሪ ቀኑን ሙሉ «እናትህ ቤት ገና የለም እንዴ?» እያለች ታበሽቀዋለች።

ቅዝቃዜው ሊገባ ሲል ክሪስታሎቹ በቀሉ። ብዙዎቹ የማይረቡ ነበሩ፤ ደህናዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ክሪስታል ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቀው መከላከያ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። እኛ የለመድነው ዘይት ነበር። እነዚህ ግን በዘይቱ ተሰነጣጠቁ፤ ስለዚህ ሉድቪካ ወደ ግሊሰሪን ዞረች። እጃችሁ ሲደርቅ የምትቀቡት ግሊሰሪን ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ክሪስታሎቹ እንደ መስታወት ጠርተው ወጡ። ከዚያ መድኃኒቱን አጠጣቻቸው። ሁሉንም።

ሴቬሪን ጠይቋታል፤ እዚያው ነበርኩ።

«ባዶው ሳህንስ፣ ፓኒ ሉድቪካ?»

«ያምናው አለን አይደል? ያው ኢንዛይም፣ ያው ኪስ።»

«በዘይት የቀዘቀዘው?»

«እሱ። አሁን አንዱን ባዶ ላስቀምጠውና የሚሳካው እሱ ቢሆንስ? ልጅቷ ትጠብቀኛለች እንዴ?»

ሴቬሪን እሺ አለ። በማልቪና ልደት ቀን በትከሻው ተሸክሟት የዞረ ሰው ነው፤ እምቢ የሚልበት አንጀት አልነበረውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰው ሁሉ ግን የሚለቀም አይደለም።

ክሪስታሎቹ ጀርመን አገር ወዳለው ብርቱ ጨረር ተልከው ውጤቱ መጣ። ሴቬሪን ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ መረብ የሚመስል ምስል አወጣ። መረቡ አቶሞቹ ያሉበትን ቦታ ያሳያል፤ ግን ጥርት ያለ ነገር አትጠብቁ፣ ጉም ነው። ኪሱ ውስጥ፣ በሁለቱ አሲዶች መካከል፣ የጉም ቋጠሮ ተቀምጧል። በአምናው ባዶ ምስል ላይ እዚያ ቦታ ምንም የለም።

«ገብቷል» አለ ሴቬሪን።

«ጭራው የታለ?» አልኩ እኔ። መድኃኒቱ ረጅም ጭራ አለው፤ ጉሙ ግን ድቡልቡል ነበር።

«ጭራው ይወዛወዛል፣ ኮርኔሊያ። የሚወዛወዝ ነገር አይታይም።»

የሚወዛወዝ ነገር አለመታየቱ እውነት ነው። በሙያችን ስንቱ ሰው በዚህች አባባል ራሱን እንደሸነገለ ግን ቤቱ ይቁጠረው። ሉድቪካ ሁለታችንንም አልሰማችንም። ወንበር ስባ ስክሪኑ ሥር ተቀመጠች፤ ጉሙን በጣቷ እየዳሰሰች «ግባልኝ፣ የኔ ጌታ፣ ግባልኝ» እያለች አለቀሰች። በማግስቱ የቅዱስ ማርቲን በዓል ዋዜማ ስለነበር የበዓሉን በለውዝ የተሞላ ግማሽ ጨረቃ ዳቦ በሁለት ትሪ ይዛ መጣች፤ ዘበኛው ሳይቀር እስኪጠግብ በላ።

የዚያኑ ዕለት ምስሉን በወረቀት አትማ ልጇ ኤዲታ ቤት ይዛው ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ኤዲታ ትራም ነጂ ነበረች፤ ልጇን ልታስታምም ሥራዋን ትታለች። ባሏ የበሽታውን ስም ከሰማ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጥሏቸው ሄደ። ወረቀቱን ዘቅዝቃ አየችው።

«ምንድን ነው ይሄ? የሸረሪት ድር?»

«ኪሱ ነው። ይቺ ደግሞ መድኃኒቱ ናት።»

«እናንተ ምድር ቤት ውስጥ የማታዩት የለም መቼም። እማዬ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ይረዳትም ይሆናል፣ ላይረዳትም ይችላል፤ ሆዷን ግን ያሳምማታል አለኝ። እኔ ባሕሩን ላሳያት ነው የማስበው። መሳቅ ሳትረሳ አሸዋው ላይ ላስቀምጣት።»

«ትዳን እንጂ ባሕሩ የት ይሄዳል?»

«ላም አለኝ በሰማይ!»

«ኤዲታ፣ እይኝ። አይቼዋለሁ። በእነዚህ በሁለቱ ዓይኖቼ። ገብቶ ቁጭ ብሏል።»

ኤዲታ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ሉድቪካ ለልጇ ዋሽታ አታውቅም። የሌላ ሰው ልጅ የገና ስጦታውን ከሰማይ የመጣ ሲመስለው፣ እሷ ለኤዲታ «እኔ ነኝ ገበያ ሄጄ የገዛሁት» ብላ የነገረች ሴት ናት።

«አንቺ ካየሽው እሺ» አለች ኤዲታ።

የሐኪሞቹም ጉባኤ ሲያመነታ ከርሞ ምስሉን ሲያይ ፈቀደ።

የመድኃኒቱን ምሬት አንድ ቀን በጣቴ ጫፍ ቀምሼዋለሁ፤ እስከ ማታ ከአፌ አልለቀቀም። ኤዲታ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ትሰጣታለች። ማልቪና በመጀመሪያው ሳምንት ዋጠችው። ቀጥሎ ሆዷ ይቆርጣት ጀመር፤ ያበሏትን ሁሉ ያስቀምጣታል፤ ጉንጮቿ ጠለቁ። ምሬቱ ከየት እንደሚመጣ ካወቀች በኋላ አፏን መግጠም ጀመረች። ኤዲታ ጉልበቷ ላይ አስተኝታ፣ አገጯን በአንድ እጇ ጨብጣ፣ በሌላው ትፈለቅቃታለች። ልጅቷ መጮህ ስለማትችል የምታሰማው እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ነው። «ለአንቺ ነው የኔ እናት፣ ለአንቺ ነው፣ ባብ አይታዋለች» ትላታለች ኤዲታ፣ እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች።

ሉድቪካ ቅዳሜና እሑድ ድንች ቀቅላ፣ በአይብ ለውሳ ይዛላት ትሄዳለች። ከእሷ እጅ መራራ ነገር መጥቶ ስለማያውቅ ማልቪና ገና ስታያት አፏን ትከፍታለች። «አየሽ፣ እየበላች ነው፣ እየተሻላት ነው» ትላታለች ለልጇ። ኩሽናው ግድግዳ ላይ ያ ሰማያዊ ምስል በማግኔት ተለጥፎ ነበር።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል አዲስ ክሪስታል በቀለ፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ነበር። ሴቬሪን ሥራውን ለማሳተም እየጻፈ ስለነበር ሁሉም ነገር በደንቡ ይሠራ ተባለ። ሉድቪካ ባዶውን ሳህን በግሊሰሪን አቀዘቀዘች። አዲሶቹ ዘይቱንም ስለቻሉት፣ መድኃኒቱን ጠጥቶ በዘይት የቀዘቀዘም ጨመረች። ሁሉም አንድ ላይ ተላኩ። ውጤቱ የመጣ ቀን ሴቬሪን ሁለታችንንም ጠራን። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይሄ የትኛው ነው?» አለች ሉድቪካ። ኪሱ ውስጥ ያው የጉም ቋጠሮ አለ።

«ባዶው ሳህን ነው።»

«ባዶ አይደለም እኮ።»

«አይደለም» አለ ሴቬሪን።

ከዚያ የግሊሰሪንን ቅርጽ ስክሪኑ ላይ አምጥቶ ጉሙ ላይ አስቀመጠው። ግሊሰሪን ትንሽ ነገር ነች፤ ሦስት ካርቦን ብቻ። ጉሙ ውስጥ ልክክ ብላ ገባች። ትርፍ የለ፣ ጉድለት የለ፣ የሚወዛወዝ ጭራ የለ። ስኳር ሊይዝ የተሠራ ኪስ ስኳር የሚመስል ነገር ሲያገኝ ይይዛል፤ ለእሱ ግሊሰሪን የስኳር ቁራጭ ነች። ቀጥሎ መድኃኒቱን ጠጥቶ በዘይት የቀዘቀዘውን አሳየን። ኪሱ ወና ነበር። መድኃኒቱ ደጃፉንም አልረገጠም።

«ምናልባት ሴል ውስጥ ሲሆን...» አለ ሴቬሪን።

«ሴቬሪን፣ ልጄ፣ ተው።»

«እኔ ነኝ እኮ ጭራው ይወዛወዛል ያልኩት። እኔ ነኝ፣ ፓኒ ሉድቪካ።»

«ባዶ ሳህን የከለከልኩህ እኔ ነኝ። ተው አሁን።»

ኮቷን ለመልበስ ተነሳች፤ ቁልፉ ግን እምቢ አላት። እኔ ቆለፍኩላት። ዘበኛው በር ላይ ስለ ድመቷ ሊጀምር አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ ዋጠው። በመኪና ወደ ኤዲታ ቤት ስንሄድ ንገሪያት፣ አትንገሪያት አላልኳትም። ዝም ብትል ማንም የሚያውቅባት አልነበረም። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን በጊዜው ባቆሙት፣ ኤዲታም ሁሉም ተሞክሮ እምቢ አለ ብላ ባለቀሰች ነበር። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

ኤዲታ የቀትሩን ስሪንጅ እያጠበች ነበር። ማልቪና ከኩሽናው ቀጥሎ ባለው ክፍል በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ኤዲታ፣ ኪሱ ውስጥ ያየሁት መድኃኒቱ አይደለም» አለች ሉድቪካ። መቀመጥም አልፈለገች።

«ምን?»

«ግሊሰሪን ነው። ክሪስታሉን የነከርኩበት ነው የገባው።»

«ግሊሰሪን? የእጅ ቅባቱ?»

«አዎ።»

ኤዲታ መስኮቱ ሥር የተቀመጠውን የእጅ ቅባት አንስታ አገላብጣ አየችው። መሳቅ ጀመረች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ይቀፈኛል።

«ይሄ? ይሄ ነው ገብቶ ቁጭ ያለው?»

«ባዶ ክሪስታል ማቀዝቀዝ ነበረብኝ። ደንቡ ነው፤ ስንቱን ሰው አስተምሬዋለሁ። ሁሉም ለማልቪና እንዲሆን ሳስቼ ተውኩት። ነገ ለሐኪሞቹ እንነግራለን። ዛሬ ማታ እንዳትሰጫት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ፤ አንቺ የለሽበትም።»

«የለሁበትም?» አለች ኤዲታ። ሳቋ ቆመ። «ብርዱን ሙሉ አገጯን ይዞ አፏን ሲፈለቅቅ የከረመው ማን ነው? እማዬ፣ እሷ ያንቺን ምድር ቤት ታውቀዋለች? ክሪስታል ታውቃለች? የምታውቀው የእኔን እጅ ነው።»

ሉድቪካ ልጇን ልታቅፍ ጠጋ አለች፤ ኤዲታ በክንዷ ገፋቻት።

ሐኪሞቹም በሳምንቱ መድኃኒቱ ይቁም አሉ። የማልቪና ሆድ ረጋ፤ ቁርጠቱ ተዋት፤ ወዟ በጥቂቱ ተመለሰ። ኤዲታ አሁን ባሕሩን ላሳያት አለች፤ ነገር ግን አንገቷን መቆጣጠር ስላቃታት ሐኪሞቹ ያን ሁሉ መንገድ አትችለውም አሏት። የቀራት ማብላት ብቻ ነበር። እሱም እምቢ አለ። ኤዲታ ማንኪያ ይዛ ስትቀርብ ልጅቷ ከንፈሯን ትገጥማለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ማር ብትቀባበት እምቢ፣ ብትዘፍንላት እምቢ። ያ አንጎል መራመድን ረስቷል፣ ስሟን ረስቷል፤ የእናቷን እጅ ግን አልረሳም።

ስለዚህ ኤዲታ በየጠዋቱ ለእናቷ ትደውላለች። ሰላምታ የለ፣ እንደምን አደርሽ የለ። «ነይ አብያት» ትላታለች፣ ትዘጋዋለች። ሉድቪካ ሥራዋን ለቀቀች። ጺሙን ከነብልቃጡ ለአንዲት ተማሪ ሰጥታት ሄደች። እናትና ልጅ በዚያ ቤት ከምግቡ ሌላ የሚነጋገሩት ነገር አልነበራቸውም።

ማልቪና ካረፈች ገና ዓመት አልሞላም። ከማረፏ ጥቂት ሳምንታት በፊት ልጠይቃቸው ሄጄ ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ኤዲታ የእናቷን ግራጫ ሹራብ ለብሳለች። ጸጉሯን እንደ እናቷ ወደ ኋላ አስይዛለች፤ የእናቷንም ሽቶ ተቀብታለች። ድንቹን በአይብ ለውሳ፣ ከአልጋው ራስጌ በኩል በቀስታ ቀረበች። ሉድቪካና እኔ በሩ ጋ ቆመናል። ማልቪና ሹራቡን አየችና ከንፈሯ ላላ አለ። ማንኪያው ደረሰ። ልጅቷ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ማንኪያውን የያዘውን እጅ አየች፤ ከንፈሯንም ገጠመች።

ኤዲታ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ተነስታ ማንኪያውን ለእናቷ ሰጠቻት፤ እናቷ ቆማ ወደነበረችበት ወደ በሩ መጥታም አጠገቤ ቆመች። ሁለቱን እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀቻቸው። ሉድቪካ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ማልቪናም አፏን ከፈተችላት።